ክሊሩን ሳይጨርሱ ጭረቱን ማጥፋት፦ የመኪና ቀለም በእጅ ማሸት በድሬዳዋና በሐረር

ከደቻቱ ወንዝ አሸዋማ ወለል ተነስቶ ድሬዳዋን የሚሞላው አቧራ ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ። ኳርትዝ ከየትኛውም የመኪና ክሊር፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ከሚቀባው መስታወት መሰል ሽፋን፣ ይልቅ ጠንካራ ነው። ጧት ከቤት ከመውጣቱ በፊት ኮፈኑን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ የሚያደርግ ሰው ያንን አሸዋ ቀለሙ ላይ እየጎተተው ነው። በከተማው ሰፈሮች፣ ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ የቆመ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ መኪና ፀሐይ ሲመታው በጥቃቅን ጭረት ተሸፍኖ የሚታየው በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው። እንዲህ ያለው ጭረት ያለ ማሽን፣ በእጅ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። መኪናውን እንደገና ማስቀባት አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ግን የምንነካውን ነገር ውፍረት ማወቅ ይገባል። የፋብሪካ ቀለም ከላሜራው በላይ ያለው ሁሉ ተደምሮ፣ ማለትም ፕራይመሩ (ከቀለሙ በፊት ላሜራው ላይ የሚቀባው)፣ ቀለሙና ክሊሩ፣ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከዚህ ውስጥ ክሊሩ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ይይዛል። አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ስለሆነ ክሊሩ የእሱ ግማሽ ነው ማለት ነው። ማሸት ይህንን መቀነስ ነው። ጭረቱ አይሞላም፤ ዙሪያውን ያለው ክሊር ወደ ጭረቱ ወለል እንዲወርድ እናደርጋለን እንጂ። ፀሐይን የሚከላከለው ነገርም ያለው እዚያው ክሊሩ ውስጥ ነው፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ክሊሩ ያለልክ የሳሳ ኮፈን ከጊዜ በኋላ ይነጣል፣ ከዚያም ይላጣል። ስለዚህ የምሠራበት ደንብ አንድ ነው፤ ከደካማው እጀምራለሁ፣ ካልበቃ ብቻ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። የሚበዛው ልማድ ተቃራኒው ነው። ጭረት እንደታየ 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይሸክራል) ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት ሁሉ የመጀመሪያውን ጭረት ሳይሆን የወረቀቱን ጭረት ለማጥፋት ይውላል።

ጭረቱ የሚጠፋ መሆኑን የምታውቁት በሁለት ነገር ነው። ቦታውን አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ጭረቱ ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ውሃው ሲነካው ከጠፋ፣ ሲደርቅ ደግሞ ከተመለሰ፣ ጭረቱ ያለው ክሊሩ ውስጥ ነው፤ በኮምፓውንድ፣ ማለትም ደቃቅ መቁረጫ ባለው የማሻ ቅባት፣ ይወጣል፣ ባይወጣ እንኳ በጣም ይቀንሳል። እርጥብ ሆኖም ነጭ ወይም ግራጫ መስመር ከታየ ቀለሙን አልፎ ፕራይመር ደርሷል፤ በማሸት አይጠፋም። ሁለተኛው ጥፍር ነው። ጥፍራችሁን ጭረቱን አቋርጣችሁ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። ካልያዘው ጥሩ ነው። ከያዘው ጠርዙን አለዝቦ እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል፣ ፈጽሞ ማጥፋት ግን የቀረውን ክሊር መጨረስ ይሆናል። እኔ እዚህ ላይ ሰው ግማሹን ይዞ እንዲተው ነው የምመክረው። ከሁለት ሜትር ርቀት የማይታይ ጭረት፣ ክሊሩ ከተበላ ኮፈን ይሻላል።

ክሊር የሌለው ቀለምም አለ። ሐረር በታክሲነት የምትታወቅባቸው ፔዦ 404ዎችና ሌሎች አሮጌ መኪኖች ሲሠሩ ቀለማቸው ያለ ክሊር ነበር፤ በኋላ በየጋራዡ ምን እንደተቀቡ ደግሞ ከላይ አይቶ መናገር አይቻልም። መለያው ቀላል ነው፤ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በሩ ሲከፈት ብቻ በሚታየው ጠርዝ አካባቢ፣ በነጭ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ (ከኮምፓውንድ የደቀቀ የማሻ ቅባት) አድርጋችሁ እሹት። ጨርቁ ላይ የመኪናው ቀለም ከወጣ ክሊር የለውም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቀለም በእጅ ሲታሽ ቶሎ ይለመልማል፣ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጨርቁ በፍጥነት ስለሚሞላ ቶሎ ቶሎ መቀየር ያስፈልጋል። ክሊር ባለው መኪና ላይ ግን ጨርቁ ቀለም መያዝ ከጀመረ ክሊሩ አልቋል፤ ወዲያው ማቆም ነው።

ጀጎል ውስጥ በጠባቡ መተላለፊያ ሲገቡ በርና ፓራፋንጎ ላይ የሚቀረው ነጭ ምልክት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጭረት አይደለም። የግድግዳው ኖራ ቀለሙ ላይ ተለጥፎ ነው። በኮምፓውንድ ከመጀመራችሁ በፊት ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አርሳችሁ ለአምስት ደቂቃ ያህል እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፣ ከዚያ ሳትጫኑ ጥረጉት። ኖራው ከነአሸዋው በደረቁ ከታሸ እውነተኛውን ጭረት የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። የሌላ መኪና ቀለም ተለጥፎ ከሆነም በቀላል ኮምፓውንድ ይወጣል። አሴቶንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አታስጠጉ፤ በተለይ ጋራዥ የተቀባ መኪና ላይ ከስር ያለውን ቀለም አብሮ ያነሳል።

ማጠቡ ላይ አትቸኩሉ፣ ግማሹ ሥራ እሱ ነው። መጀመሪያ ሳትነኩ ውሃ ብቻ አፍስሱበት፤ የላላው አሸዋ ይውረድ። ከዚያ ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የንጹሕ ውሃ። ስፖንጁን ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ በንጹሑ ውሃ አልቅልቃችሁ ነው ወደ ሳሙናው የምትመልሱት። ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች ይሠራል፤ የበሮቹ የታችኛው ክፍልና ፓራውልቱ ከሁሉም ስለሚቆሽሹ መጨረሻ ይሁኑ። የዱቄት ሳሙና የምትጠቀሙ ከሆነ በደንብ ይሟሟ፤ ያልሟሟ ፍሬ ራሱ ይጭራል።

የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። መኪና ላይ ሲደርቅ ክብ ነጭ ምልክት ይተዋል። ይህ ምልክት ሳይነሳ በላዩ ማሸት ከጀመራችሁ ኮምፓውንዱ ያንን ደቃቅ ድንጋይ እየፈነቀለ ይዞት ይዞራል። አንድ እጅ አቼቶ በአንድ እጅ ውሃ ቀላቅሉ፣ ጨርቅ ነክራችሁ ቦታው ላይ ለአንድ ወይም ሁለት ደቂቃ አሳርፉ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁ። ቀዝቃዛና ጥላ ውስጥ ባለ ላሜራ ላይ ብቻ ነው ይህ የሚደረገው። ከታጠበ በኋላ እጃችሁን በቀጭን ፌስታል ሸፍናችሁ ቀለሙ ላይ አንሸራቱት፤ የሻከረ ነገር ከተሰማችሁ የተጣበቀ ቆሻሻ ገና አለ ማለት ነው። ለመኪና ተብሎ የሚሸጠው ክሌይ (የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳ፣ እንደ ሊጥ የሚለወስ ነገር) ካገኛችሁ በሳሙና ውሃ እያረጠባችሁ አንሸራቱት፤ መሬት ከወደቀ ግን ጣሉት፣ አይታጠብም።

ሰዓት መምረጥ የግድ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ አየሩ 35 ዲግሪ ሲደርስ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ላሜራ ወደ 70 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። እዚያ ላይ ኮምፓውንድ ገና ሳይሠራ ይደርቃል፣ ይጋገራል፣ ስትጠርጉት አዲስ ጭረት ያበጃል። ድሬዳዋ ላይ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ፣ ጣሪያ ባለበት ቦታ ብትሠሩ ይበጃል። መዳፋችሁን ላሜራው ላይ አሳርፋችሁ ያለ ችግር ማቆየት ካልቻላችሁ አትጀምሩ። የማታው ሰዓት ላሜራው ቢቀዘቅዝም ነፋሱ አቧራ ያመጣል። የከዚራ ዛፎች ጥላ ጥሩ ይመስላል፣ ነገር ግን ከላይ የሚወርደው ቅጠል፣ ፈሳሽና የወፍ ኩስ ሥራውን ያበላሻል። ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል አየሩ ይቀዘቅዛል፤ እዚያ ጥላ ካለ ረፋዱንም መሥራት ይቻላል።

ለማሻ የሚሆነው ክብ የስፖንጅ ማሻ ነው፤ ጠንከር ያለው ለኮምፓውንድ፣ ለስለስ ያለው ለማጠናቀቂያ ፖሊሽ። ለመጥረጊያ ማይክሮፋይበር ይመረጣል። ካጣችሁ ጥጥ ብቻ የሆነ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ የካናቴራ ጨርቅ ይሠራል። ሐረር «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ የምትወስዱ ከሆነ ስፌት፣ ላስቲክና ናይለን የሌለበትን ለዩ፤ የናይለን ክር ለስላሳ ክሊርን ይጭራል። ጨርቅ መሬት ከነካ ለዚያ ሥራ አይመለስም። በስፖንጁና በመዳፋችሁ መሃል ጠፍጣፋ ነገር፣ ለምሳሌ ደልደል ያለ የጎማ ቁራጭ፣ ማድረግ ይጠቅማል። በጣት ጫፍ ሲታሽ ጫናው ጣቶቹ ባረፉበት መስመር ብቻ ስለሚያርፍ ቀለሙ ላይ ቦይ ቦይ ይሠራል፤ ይህን የምታዩት ደግሞ ሥራው አልቆ ፀሐይ ላይ ስታወጡት ነው።

አሁን ማሸቱ። ጎማውን፣ የፕላስቲክ ጌጡንና የላሜራውን ሹል መስመሮች በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ሹል ጠርዝ ላይ ክሊሩ ሲቀባም ቀጭን ሆኖ ነው የሚያርፈው፣ ስትጫኑትም ጫናው እዚያ ይከማቻል፤ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ኮምፓውንድ ከገባበት ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ማስለቀቁም አስቸጋሪ ነው። 30 ሳንቲ በ30 ሳንቲ የሚሆን ቦታ ምረጡ፤ በሙቀት ጊዜ 20 በ20 ይበቃል። አዲስ ስፖንጅ ከሆነ መጀመሪያ ፊቱን በስሱ ኮምፓውንድ አልብሱት፣ ከዚያ አተር የሚያህል ጠብታ ሦስት ወይም አራት ቦታ አድርጉ። ብዙ ኮምፓውንድ ብዙ አይቆርጥም፤ ስፖንጁ ይንሸራተታል እንጂ። ሳትጫኑ ቦታውን በሙሉ አዳርሱ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጋችሁ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች፣ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ እየደረበ ሂዱ። ክብ እየሠሩ ማሸት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ክብ ጭረት ብርሃን ከየትም ቢመጣ ይታያል፣ ቀጥ ያለው ግን ከአንድ ወገን ብቻ። ሁለት ደቂቃ ያህል ካሻችሁ በኋላ ነጭ የነበረው ኮምፓውንድ ስስ፣ ቅባት መሰል ሽፋን ይሆናል። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዙሮች በስፖንጁ ክብደት ብቻ፣ ሳትጫኑ አድርጉ፤ ጭጋጉን የሚያጠራው ይህ ነው። ሳይደርቅ ጥረጉት። ከደረቀባችሁ በደረቅ ጨርቅ አትታገሉት፤ ስፖንጁ ላይ አንድ ጠብታ አዲስ ኮምፓውንድ አድርጋችሁ ስታሹት ይለሰልሳል።

ወደ ሚቀጥለው ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት የሠራችሁትን ፈትሹ። ብዙ ኮምፓውንድ ዘይት አለው፤ ዘይቱ ጭረቱን ሞልቶ የጠፋ ያስመስላል፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ተመልሶ ይመጣል። ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በስልክ ባትሪ መብራት ከጎን በኩል እዩ። ፊት ለፊት የተያዘ መብራት ምንም አያሳይም። አዲስ የተቀባ ቀለም ላይ ግን አልኮሉን ተዉት፤ እዚያ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ጭረቱ ከቀነሰና ካልጠፋ አንድ ጊዜ ድገሙ። ከሦስት ዙር በኋላ ለውጥ ካላያችሁ ጥልቀቱ ከኮምፓውንዱ አቅም በላይ ነው።

ሲበላሽ የሚታየው ምልክት የተለያየ ነው። ጭጋግ ከቀረ ስፖንጁ በቆሻሻ ተሞልቷል ወይም ኮምፓውንዱ ሸካራ ነው፤ ለስላሳ ማሻና ደቃቅ ፖሊሽ ይዛችሁ ያንኑ ቦታ ድገሙ። አንድ ነጠላ ረጅም አዲስ ጭረት ከታየ የአሸዋ ፍሬ ገብቷል፤ ወዲያው ማሻውን ቀይሩ፣ ቦታውን እጠቡ። ቀለሙ ሲነካ መጣበቅ ከጀመረ ሞቋል፣ ማረፍ ነው።

የብርጭቆ ወረቀት ጭረት የራሱ ጉዳይ ነው። ቀለም ቀቢ ክሊር ላይ ያረፈ አቧራ ወይም የወረደ ቀለም ለማስተካከል ይፈገፍጋል፣ ከዚያ በቂ ሳያወርደው ያስረክባል፤ ጥላ ውስጥ ያማረው መኪና ፀሐይ ላይ ሲወጣ በቀጥታ መስመር ተሞልቶ ይገኛል። መፍትሔው ኮምፓውንድ ይዞ መታገል አይደለም፤ ወደ ደቃቅ ወረቀት መመለስ ነው። በ1500 ወይም በ2000 ተፈግፍጎ የቀረ ቦታ በእጅ ይታሽ ቢባል ክንድ ይገድላል። 3000 ላይ ካደረሳችሁት ግን በሁለት ሦስት ዙር ይጠራል።

ወረቀቱን ስትገዙ ከጀርባው ቁጥሩ ፊት «ፒ» የሚል ፊደል መኖሩን እዩ። ፒ 1500 ፍሬው 12.6 ማይክሮን፣ ፒ 2000 ደግሞ 10.3 ማይክሮን ገደማ ነው። በአሜሪካው አቆጣጠር 800 የተባለው ከፒ 1500 ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ሁለት ዓይነት አቆጣጠር ቀላቅሎ መሥራት ቅደም ተከተሉን ያፋልሳል። ወረቀቱን ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ባልዲው ውስጥ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፣ ባልዲውንም ከነፋስ ከልሉት። ወረቀቱን በጎማ ላይ ጠቅልላችሁ፣ በቀላሉ እየገፋችሁ፣ ውሃ ሳይቋረጥ ፈግፍጉ። 2000ውን ከግራ ወደ ቀኝ ከሄዳችሁ 3000ውን ከላይ ወደ ታች ሂዱ፤ የቀደመው መስመር ፈጽሞ ሲጠፋ ብቻ ነው የምታቆሙት። ውሃ ጭረትን ስለሚደብቅ በየጊዜው ውሃውን በላስቲክ ቁራጭ ገፍታችሁ አድርቃችሁ እዩ። ፊቱ ወጥ የሆነ ደብዛዛ መሆን አለበት። የሚወርደው ውሃ ወተት የመሰለ ከሆነ ክሊሩን ነው የምትፈገፍጉት። ክሊር ባለው መኪና ላይ ውሃው የመኪናውን ቀለም ይዞ ከወረደ በዚያው ቅጽበት እጃችሁን አንሱ፤ ከዚያ በኋላ መፍትሔው ቀለም መቀባት ብቻ ነው። ከጠርዝ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ራቁ።

አዲስ የተቀባ መኪና ከሆነ መቼ እንደሚፈገፈግ ቀለም ቀቢውን ጠይቁት፤ «ጋሼ፣ ክሊሩ ማድረቂያ የገባበት ነው? ስንት እጅ ነው የተቀባው?» ማለት ነው። ማድረቂያ የተቀላቀለበት ክሊር በድሬዳዋ ሙቀት ከ24 ሰዓት በኋላ ሊፈገፈግ ይችላል፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ግን ይቀድማል። ገና ለስላሳ ከሆነ ወረቀቱ ላይ እየተድቦለቦለ ይጣበቃል፣ የተድቦለቦለውም ይጭራል። አየር ብቻ የሚያደርቀው የድሮው ዓይነት ቀለም ለሳምንታት እየሟሸሸ ስለሚሄድ ዛሬ የጠፋ የሚመስለው መስመር ከወር በኋላ ብቅ ይላል፤ እሱን ጊዜ ስጡት። ሁለት እጅ ክሊር ብቻ ያለው ቦታ ላይ 1500 ባትጀምሩ ይመረጣል።

ፕራይመር የደረሰ ጭረት የሚስተካከለው በማሸት ሳይሆን በመሙላት ነው። በአልኮል አጽዱት፣ ተመሳሳዩን ቀለም በጥርስ እንጨት ጫፍ ጭረቱ ውስጥ ብቻ ስስ ስስ አድርጋችሁ በየመሃሉ እያደረቃችሁ ሙሉ፣ ከላይ ክሊር ጨምሩ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ከፍ ያለውን በጠባብ ጎማ ላይ በተጠቀለለ 3000 አስተካክሉ።

የጥርስ ሳሙናና ናፍጣ ብዙ ጊዜ ስለሚነሱ ልናገር። የጥርስ ሳሙና ቀላል መቁረጫ አለው፤ በጣም ስስ የሆነውን ጭረት ያደበዝዛል፣ ኮምፓውንድ ግን አይተካም። ናፍጣ ጭረቱን አያጠፋም፣ በቅባት ይሸፍነዋል። በማግስቱ አቧራው ተለጥፎበት ይውላል፣ የበሩን ጎማም ያበላሻል።

ታሽቶ የተጠናቀቀ ቀለም ባዶውን አይተውም። የፋብሪካ ቀለም ወይም በደንብ የደረቀ ቀለም ከሆነ ስስ ሰም ወይም ሰው ሠራሽ መከላከያ ቀቡት፣ ሲደበዝዝ ጥረጉት። ለድሬዳዋ ሰው ሠራሹን እመርጣለሁ፤ የተፈጥሮ ሰም ሙቀቱን አይችልም፣ ቶሎ ይለቃል። በየሁለት ወይም ሦስት ወሩ ይደገማል። አዲስ የተቀባ መኪና ላይ ግን ቢያንስ አንድ ወር ጠብቁ፤ ክሊሩ ውስጥ የቀረው ዲልዩንት (ማቅጠኛ) መውጫ ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ጧት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይቁም። ውሃ ካለ አፍስሱ፤ ውሃ ከሌለ አቧራውን እንደያዘ ይሂድ። የተጠቀማችሁበትን ስፖንጅ ሳይደርቅ በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ ጨምቃችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ፣ በንጹሕ ፌስታል አስራችሁ አስቀምጡ፤ የኮምፓውንዱን ማሻ ከፖሊሹ ማሻ ጋር በአንድ ፌስታል አታድርጉ።